የራይን ወንዝ የቀን መርከብ፦ ግንቦቹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ፍራንክፈርትና ኮለን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የት እንውሰዳቸው ብለን እንጨነቃለን። ካቴድራሉን አዩ፣ ሱቁን ዞሩ፣ ከዚያስ? የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በመርከብ ራይን ላይ ይውጡ። ስለዚህ ዛሬ ይህን ጉዞ እንደማንኛውም አገልግሎት ልገመግመው ነው። ትኬቱን፣ መቀመጫውን፣ ምግቡን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን የሚያየውን። የመርከብ ድርጅት ስም አልጠራም። በዚህ መስመር የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሆናል።

ለቸኮለ ሰው ውጤቱን ላስቀድም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። የጎደለው አንዱ ኮከብ የመርከቡ ነው እንጂ የወንዙ አይደለም።

በመጀመሪያ የቱን መርከብ እንደምትይዙ እንነጋገር። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በየከተማው እየቆመ ሰው የሚያወርድና የሚጭን መደበኛ የመስመር መርከብ ነው፤ እንደ አውቶቡስ ሰዓት ተቆርጦለት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይሠራል። ሁለተኛው ከተነሳበት ወጥቶ አንድ ሁለት ሰዓት ዞሮ የሚመለስ ነው። ሦስተኛው ማታ ማታ እራትና ሙዚቃ ያለበት ነው። የመጀመሪያውን ያዙ። ማታ የሚወጣው ውድ ነው፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ከመብራት በቀር ምንም አይታይም። ልደት ለማክበር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወንዙን ለማየት ግን አይሆንም።

መስመሩ ከሩደስሃይም ወይም ፊት ለፊቱ ካለው ከቢንገን ተነስቶ ኮብሌንዝ የሚያደርሰው ነው። ይህ ሸለቆ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ዩኔስኮ በ2002 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወንዙ ወደሚወርድበት፣ ማለትም ከሩደስሃይም ወደ ኮብሌንዝ ከሄዳችሁ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። በተቃራኒው ሽቅብ ከወጣችሁ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሞተሩ አይደለም፣ ውሃው ነው። ራይን በዚህ ቦታ በኃይል ነው የሚሄደው፤ ሽቅብ የሚወጣ መርከብ እያንዳንዷን ሜትር ታግሎ ነው የሚያገኛት። ሕፃናት ወይም አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ ቁልቁል ሂዱ።

የገንዘብ ምክር። የመርከቡን ትኬት መሄጃ ብቻ ግዙ። መመለሻውን በባቡር አድርጉት። በወንዙ ግራም ቀኝም ሐዲድ አለ፤ ወርሃዊው የዶይችላንድ ትኬት ያላችሁ ደግሞ በክልል ባቡሮቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትመለሳላችሁ። ስትመለሱ የወንዙ ዳር ዳር በሚሄደው ባቡር መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁ በመርከብ ያለፋችሁትን ሁሉ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ደርሶ መልስ በመርከብ የገዙ ሰዎች ማታ ላይ ልጆቻቸው ሲነጫነጩባቸው አይቻለሁና ይቅርባችሁ።

መቀመጫ ላይ አትቀልዱ። ላይኛው ፎቅ፣ ፊት ለፊት፣ ደጅ። ውስጥ ያለው ባለመስታወት አዳራሽ ይሞቃል፣ ወንበሩም ይመቻል፤ ግን መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ ግማሹ ሰው ደግሞ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ነው የሚበላው። ሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዙ። በሸለቆው የሚነፍሰው ነፋስ ፀሐይ ቢኖርም አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ካልተሰለፋችሁ የፊተኛው ቦታ አይገኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ። እኔ በተሳፈርኩባቸው መርከቦች ሁሉ ድምፅ ማጉያው የሚናገረው የግንብ ስም ብቻ ነው። በስተቀኝ እገሌ ግንብ፣ በዚህ ዓመት ተሠራ፣ በዚህ ዓመት ተቃጠለ። በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በሌላ ቋንቋ ይደገማል፣ ከዚያ ዝም። ስለ ወንዙ አንድ ቃል የለም! ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቶ ግንብ ያነሳል። ከግንቡ ሥር ሁለት ሺህ ቶን የጫነ መርከብ እየተንደረደረ ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን ገንዘቤን የማወጣው ለዚያ መርከብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከራይን በላይ የሚሠራ ወንዝ የለም፤ ከዚህ መርከብ ላይ ሆኖ ደግሞ ሥራውን በቅርብ ማየት ይቻላል። ድምፅ ማጉያው የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ።

ከዳር ዳር ከሚቆሙት ነጫጭ ሰሌዳዎች ጀምሩ። በትልልቅ ጥቁር ቁጥር 530፣ 531፣ 532 እያሉ ይሄዳሉ። ኪሎ ሜትር ናቸው። ቆጠራው የሚጀምረው ከኮንስታንዝ ከተማ ድልድይ ነው፤ እዚያ ዜሮ ነው፣ ሆላንድ ባሕሩ አፍ ላይ ሲደርስ ከ1,030 ያልፋል። ካፒቴኖች በሬዲዮ ሲነጋገሩ የከተማ ስም አይጠሩም፣ የሰሌዳውን ቁጥር ነው የሚጠሩት። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቁጥሩን እንዲያነቡ አድርጉ፣ ጉዞው ሁሉ ጨዋታ ይሆንላቸዋል።

ወንዙ ግን ከዜሮው ሰሌዳ በፊትም ብዙ መጥቷል። መነሻው ስዊዘርላንድ፣ ግራውቡንደን ክልል፣ አልፕስ ተራሮች ላይ ነው። ሊችተንስታይንና ኦስትሪያን ዳር ዳሩን ነክቶ ቦደንዜ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ሲወጣ ሻፍሃውዘን ላይ 23 ሜትር ከፍታ ካለው ፏፏቴ ይወረወራል። ባዝል ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ለተወሰነ ርቀት የፈረንሳይና የጀርመን ድንበር ይሆናል፣ ቀጥሎ ጀርመንን ሰንጥቆ ሆላንድ ይገባል፣ እዚያ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሰሜን ባሕር ይደርሳል። ስድስት አገር ማለት ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 1,230 ኪሎ ሜትር ነው። በድሮ መጻሕፍት 1,320 የሚል ካያችሁ አትደናገጡ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ለብዙ አሥርት ዓመታት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጡ ኖረው በ2010 ነው ነገሩ የታወቀው።

ሩደስሃይም ላይ ስትሳፈሩ ወንዙ ሰፊ ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ መሐሉ ላይ ደሴቶች አሉ። ይህ የሆነው ከማይንዝ ጀምሮ የታውኑስ ተራራ እንደ ግድግዳ ከፊቱ ስለቆመበት ነው። ወንዙ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የተራራውን ሥር ሥር እየተከተለ ይመጣል፣ ቢንገን ላይ ሲደርስ መውጫ ያገኛል። ተራራው ቀስ እያለ ከፍ ሲል ውሃው እየቆረጠው ስለኖረ ነው ሸለቆው እንዲህ ጠባብና ገደላማ የሆነው። መርከቡ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ያን በር ታልፋላችሁ። ቢንገር ሎኽ ይባላል። ድሮ ወንዙን አቋርጦ የተጋደመ ጠንካራ ድንጋይ ነበረበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሩድ እያፈነዱ መንገድ ከፈቱለት፣ በ20ኛውም አሰፉት። እዚያ ላይ ፊታችሁን ወደ ውሃው አድርጉ። ውሃው ሲገለባበጥ፣ ሲሽከረከር፣ ከሥሩ የሆነ ነገር እንዳለ ሁሉ ሲነሳ በግልጽ ይታያል። መርከቡም ፍጥነቱ ሲጨምር ይታወቃችኋል።

ከዚህ በኋላ የጭነት መርከቦቹን ተመልከቱ። መደበኛው 110 ሜትር ርዝመት አለው፣ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል። አንዱ ብቻ ከ2,000 እስከ 3,000 ቶን ይይዛል፤ ያንን በከባድ መኪና እንውሰድ ቢባል ወደ 100 መኪና ይፈልጋል። ውሃው ውስጥ ጠልቆ፣ ጠርዙ ከውሃው ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ የሚሄደው የሞላ ነው። ፊቱ ሽቅብ ተነስቶ ቀዩ ሆዱ የሚታየው ባዶ ነው። ጠጠርና አሸዋ፣ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ፣ ኬሚካል፣ እህል፣ ኮንቴይነር። ሽቅብ የሚወጣው ጭነት ብዙው ከሮተርዳም፣ ከአውሮፓ ትልቁ የባሕር ወደብ የተነሳ ነው። መሐል ላይ ዱይስቡርግ አለ፣ ከዓለም ትልልቅ የወንዝ ወደቦች አንዱ። ከላይ ሉድቪግስሃፈን ላይ ግዙፉ የቢኤኤስኤፍ የኬሚካል ፋብሪካ አለ፣ ከዚያም እስከ ባዝል። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ ባዝል ግን በዚህ ወንዝ ምክንያት ወደብ አላት።

ሁለት መርከቦች ሲተላለፉ አንድ ነገር ፈልጉ። ሽቅብ የሚወጣው መርከብ አንዳንዴ በቀኝ ጎኑ ካፒቴኑ ካለበት ክፍል አጠገብ ሰማያዊ ሰሌዳ ይዘረጋል፣ መሐሉ ላይ ነጭ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። «በቀኝ በኩል እንተላለፍ» ማለቱ ነው። መንገዱን የሚመርጠው ሽቅብ የሚወጣው ነው፣ የሚወርደው ደግሞ ተመሳሳይ ሰሌዳ አውጥቶ እሺ ይላል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሰሌዳውን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ የመጡትን አክስቴን ይዤ ነበር። ግንቦቹን «ጎንደር አይቻለሁ» ብለው ናቁብኝ። ጭነት መርከብ ላይ ሲደርስ ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ መርከብ ላይ መኪና ቆሟል እንዴ?»

«አዎ እትዬ። የካፒቴኑ ነው። ወደብ ሲደርስ በክሬን ያወርዳታል።»

«ልብስም ተሰጥቷል እኮ!»

«ቤታቸው እዚያው ነው። ከነባለቤቱ ነው የሚኖሩት።»

«ልጆችስ? ትምህርት ቤትስ?»

ትንንሾቹ ከእናት አባታቸው ጋር መርከብ ላይ ያድጋሉ፣ ለትምህርት ሲደርሱ ብዙዎቹ የብስ ላይ አዳሪ ይገባሉ አልኳቸው። አክስቴ ኮብሌንዝ እስክንደርስ ስለነዚያ ልጆች ሲያወሩ ዋሉ። ግንብ አንድም አላነሱም።

ግንቦቹም ቢሆኑ ከወንዙ ሥራ ጋር ሲያያዙ ነው ትርጉም የሚሰጡት። በየኮረብታው ላይ የተደረደሩት ለጌጥ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ብዙዎቹ ባላባቶች ኑሯቸው ከዚህ ውሃ ላይ በሚሰበስቡት ቀረጥ ነበር። ነጋዴው ትንሽ ሄዶ ይከፍላል፣ ደግሞ ትንሽ ሄዶ ይከፍላል። ይህን በዓይናችሁ የምታዩት ካውብ ላይ ነው። ወንዙ መሐል ላይ፣ ከድንጋይ ደሴት ላይ፣ መርከብ የመሰለ ነጭ ግንብ ቆሟል። ፋልዝግራፈንሽታይን ይባላል። በ1327 አካባቢ ንጉሥ ሉድቪግ ባቫሪያዊው ቀረጥ ማስከፈያ ብሎ አሠራው፤ ቀረጥ ሲሰበስብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ቆየ። ከላይ ወደሚወርደው ውሃ የዞረው ጫፉ እንደ መርከብ አፍንጫ ሹል ነው፤ በክረምት የሚወርደውን በረዶ እንዲሰነጥቅ ነው እንዲህ የተሠራው።

ያ ሁሉ ቀረጥ እንዴት ቀረ? አገሮቹ ተስማሙ። በ1815 የቪየና ጉባኤ ላይ የራይንን መርከብ ጉዞ የሚመራ የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ በ1868 ደግሞ በማንሃይም በፈረሙት ስምምነት በወንዙ ላይ መጓዝ ለሁሉም ነጻ፣ ያለ ቀረጥ ሆነ። ኮሚሽኑ ዛሬም ስትራስቡርግ ተቀምጦ ይሠራል። ከዚያ በኋላ አገሮቹ በዚሁ ወንዝ ዳር ስንት ጊዜ ተዋግተዋል፤ ስምምነቱ ግን አልፈረሰም። እንደኛ ስለ ወንዝ ድርድር ዜና እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ድምፅ ማጉያው ካልነገረን እኛው ለልጆቻችን እንንገር።

ካውብ ላይ ሌላም ነገር አለ። ጀርመን ውስጥ በበጋ ዜና የሚሰማ ሰው «የካውብ መለኪያ» ሲባል ሰምቷል። በከተማው ዳር የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ወንዙ እዚህ ጠጣር ድንጋይ ላይ ስለሚሄድ ጥልቀት የለውም፤ ከሮተርዳም ወደ ላይኛው ራይን የሚሄድ መርከብ ሁሉ ደግሞ በዚህ ማለፍ ግዴታው ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ ሮተርዳም ላይ ስንት ቶን ልጫን የሚለውን የሚወስነው ካውብን አይቶ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር የውሃው ጥልቀት አለመሆኑን ልብ በሉ። 78 ሴንቲሜትር ሲያሳይ በመርከብ መንገዱ ላይ 1.90 ሜትር ውሃ አለ። በጥቅምት 2018 ቁጥሩ ወደ 25 ሴንቲሜትር ወረደ። መርከቦች ከጭነታቸው ጥቂቱን ብቻ ይዘው ይመላለሱ ጀመር፣ አንዳንድ ነዳጅ ማደያዎች ደረቁ፣ ቢኤኤስኤፍም ምርቱን ቀነሰ። ነሐሴ 2022 ላይ እንደገና ከ35 ሴንቲሜትር በታች ወረደ። ፋብሪካው ከዚያ ወዲህ ለዝቅተኛ ውሃ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ታንከር አስገብቷል። መንግሥትም ከማይንዝ እስከ ሳንክት ጎአር ያለውን የመርከብ መንገድ ጥልቀት ወደ 2.10 ሜትር ለማድረስ እቅድ አለው።

ለምን ግድብ ሠርተው ውሃውን አያቆዩትም ትሉ ይሆናል። ከላይ ሠርተዋል። ከኬምብስ፣ በ1932 ከተከፈተው ጀምሮ እስከ ኢፈትስሃይም፣ በ1977 እስከተጠናቀቀው ድረስ አሥር ግድብ አለ፣ መብራት ያመነጫል፣ መርከቦችም በር ባለው የውሃ ክፍል ውስጥ እየተዘጋባቸው ከፍና ዝቅ ይላሉ። ከኢፈትስሃይም እስከ ባሕር ግን ወንዙ በነጻ ነው የሚሄደው። ከዚያ ቀደም ብሎም ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ የሚባል መሐንዲስ በ1817 የጀመረው ሥራ ነበር፤ በባዝልና በዎርምስ መካከል ወዲያ ወዲህ ይጠማዘዝ የነበረውን ወንዝ ቆራርጠው ቀጥ አደረጉት፣ 81 ኪሎ ሜትር አሳጠሩት። ረግረጉ ደረቀ፣ ወባ ቀነሰ፣ መሬት ተገኘ። ጎርፉ ግን ከታች ላሉት ከተሞች በፍጥነት መድረስ ጀመረ። ኮለን በ1993 እና በ1995 በውሃ ስትጥለቀለቅ፣ ሆላንድም በ1995 ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ስታወጣ፣ ለወንዙ ቦታ መልሱለት የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው ያኔ ነው።

ከካውብ በኋላ የሚመጣው በተረትና በዘፈን የታወቀው ሎረላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው፣ ድምፅ ማጉያውም ዘፈን ይከፍታል። ከውሃው 130 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አለት ነው፣ ኪሎ ሜትር 554 ላይ። ፎቶ ለማንሳት የሚያምር ብዙ ነገር የለውም። ውሃው ነው ትልቁ ነገር። ሸለቆው ጠቦ፣ ወንዙ ጠልቆ፣ ተጠምዝዞ ነው የሚያልፈው፤ ከማዶ የሚመጣው መርከብ አይታይም። ለዚህ ከኦበርቬዝል እስከ ሳንክት ጎአር ባለው ዳር የመብራት ምልክት ተተክሏል፣ ሽቅብ ለሚወጣው መርከብ ከፊቱ ምን እየወረደ እንደሆነ ይነግረዋል። ነጫጭ መስመር መብራቶች ናቸው፣ ካወቃችኋቸው በቀን ብርሃንም ይታያሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ ጥር 2011 ላይ 2,400 ቶን ሰልፈሪክ አሲድ የጫነ ታንከር እዚሁ አካባቢ ተገልብጦ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ የወንዙም ጉዞ ለሳምንታት ተስተጓጉሏል።

ሳንክት ጎአር ላይ ከፈለጋችሁ ውረዱ። ጊዜ የሌለው ሰው እስከዚህ ብቻ ቢመጣ የጉዞውን ዋና ክፍል አይቷል። እዚያ ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለ፤ መኪና የምታሻግር ጀልባ። ከማይንዝ በታች እስከ ኮብሌንዝ ድረስ በዚህ ሸለቆ ድልድይ የለም። ወዲያ ማዶ የሚሠራ፣ የሚማር፣ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሁሉ በጀልባ ነው የሚሻገረው። ድልድይ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። በእግር ለሚሻገር ዋጋው ትንሽ ነው። ጀልባዋ ውሃው ወደ ታች እንዳይወስዳት ፊቷን አጣማ፣ በጭነት መርከቦች መሐል ቦታ ፈልጋ ስታልፍ ለማየት ብቻ እንኳ ይሻገሯታል።

ከዚያ ወዲያ ቦፓርድ አለ፣ ወንዙ ትልቁን ጥምዝ የሚሠራበት፣ ገደሉ ሁሉ በወይን ተክል የተሸፈነ። ብራውባኽ ላይ ማርክስቡርግ የሚባለው ግንብ ይታያል፤ በዚህ ሸለቆ ካሉት የኮረብታ ግንቦች ሳይፈርስ የቀረው እሱ ነው። ኮብሌንዝ ላይ የሞዘል ወንዝ ይቀላቀላል፣ ጫፉ ላይ ትልቅ የንጉሥ ሐውልት አለ፣ ከላዩ ደግሞ ወንዙን በአየር የሚያሻግር የኬብል መኪና። ስትደርሱ ስለሚደክማችሁ ኬብሉን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ምግቡን በተመለከተ አጭር ነው። ሽኒትዝል፣ ቋሊማ፣ ሾርባ፣ ኬክ። ይበላል፣ ከዋጋው አንጻር ግን አይመከርም። ቡናው ቀጭን ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ድንች ጥብስና ሰላጣ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ፣ እሱም ማዮኔዝ ሳይነካው ከመጣ። የቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንዳንድ መርከብ የራስን ምግብ ጠረጴዛ ላይ መብላት አይፈቀድም፣ ላይኛው ፎቅ አግዳሚ ላይ ግን ማንም ሲቆጣ አላየሁም። የወይን ጠጅ የምትጠጡ ሪስሊንጉን ቅመሱ፣ ያደገው ከፊታችሁ ባለው ገደል ላይ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ደረጃው ነው። መጸዳጃ ቤቱ ብዙ ጊዜ ታች ነው፣ ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ። አክስቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቸገሩ፣ ሠራተኞቹም ለመርዳት ቸልተኞች ነበሩ። አንዱ ኮከብ የተቀነሰው በዚህና በድምፅ ማጉያው ነው። የምትወስዱት ሰው መራመድ የሚከብደው ከሆነ ሊፍት ያለውን መርከብ ጠይቃችሁ ያዙ፣ በአዳዲሶቹ ላይ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከመርከብ ወርዳችሁ ዳር ላይ ስትቀመጡ ልጆች ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ። ከዳር ወደ ውስጥ የተሠሩ አጫጭር የድንጋይ ግድግዳዎች አሉ፣ በመካከላቸው ያለው ውሃ ረጋ ያለ ይመስላል፣ አሸዋም አለው። አያታልላችሁ። ትልቅ መርከብ ሲያልፍ መጀመሪያ ውሃውን ከዳር ይስበዋል፣ ወዲያው በማዕበል ይመልሰዋል፣ ከግድግዳው ጫፍ ያለፈውን ሰው ደግሞ ዋናው ውሃ ይወስደዋል። ዋና የሚችል ሁሉ እዚያ ዋናው አያድነውም። በየበጋው ሰው ይሞታል፣ ከሟቾቹም መካከል ወንዙን የማያውቁ ስደተኛ ወጣቶች አሉበት። እባካችሁ አዲስ ለመጡ ልጆች ንገሯቸው።

ውሃው ግን ንጹሕ ሆኗል። ይህን በሙሉ ደስታ ነው የምጽፈው። ኅዳር 1 ቀን 1986 ባዝል አጠገብ የሳንዶዝ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ እሳቱ የጠፋበት ውሃ ከነመርዙ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ራይን ቀይ ሆነ፣ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዓሣው አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት አገሮቹ የጋራ የማዳን እቅድ አወጡ፣ ፍሳሽ ማጣሪያ ሠሩ፣ ፋብሪካዎቹን አስገደዱ። ከወንዙ ጠፍቶ የነበረው ሳልሞን ዓሣ ከ1990 ጀምሮ ተመልሶ መታየት ጀመረ፤ ለእሱ ብለው በግድቦቹ ጎን መወጣጫ ሠርተዋል። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ሰው የሚጠጣው ውሃ በቀጥታም ሆነ ከዳሩ ጉድጓድ ተጣርቶ ከራይን የሚገኝ ነው። ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከመውና የሚጠጣው አንድ ወንዝ ነው።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የካውብን መለኪያ በኢንተርኔት እዩ፤ ኤልቪስ የሚባለው የመንግሥት የውሃ መንገዶች ድረ ገጽ በየዕለቱ ያወጣዋል። ከ6.40 ሜትር ካለፈ ጉዞ ጨርሶ ይቆማል። ውሃው በጣም ሲያንስ ደግሞ የመንገደኛ መርከቦች ይሄዳሉ፣ ግን አንዳንድ ፌርማታ ላይ መጠጋት አይችሉምና የምትወርዱበት ከተማ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ የአልፕስ በረዶ ቀልጦ ስለሚወርድ ውሃው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ያንሳል፣ ነገር ግን የወይኑ ገደል ቢጫ ይሆናል፣ ሰውም ይቀንሳል፣ ፊት ለፊት ያለው ወንበር በቀላሉ ይገኛል።